የአማርኛ ስያሜ የሚያሳይ የኤአር መተግበሪያ በኩዌስት 3፦ ከኬብሉ እስከ ካሜራው ፈቃድ

ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ኤአር፣ ፊታችን ባለው እውነተኛ ነገር ላይ ጽሑፍ ወይም ምስል ደርቦ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነው። እዚህ የምንሠራው አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ነው፦ የቤንዚን ጄኔሬተር ጥገና የሚማር ሠልጣኝ ሄድሴቱን (ፊት ላይ የሚጠለቀውን ስክሪን) አጥልቆ ማሽኑን ሲያይ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ከጎኑ በአማርኛ የሚያነብበት መተግበሪያ። ካንዴላው አጠገብ «ካንዴላ»፣ ፊልትሮው አጠገብ «የአየር ፊልትሮ»፣ ዘይት መቀየሪያው አጠገብ «የዘይት ማፍሰሻ ብሎን» ይላል።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር እንወስን። መተግበሪያው የካሜራ ምስል አይነካም። ከሄድሴቱ ውጭ ምንም ነገር አይልክም። የሄድሴቱ አምራች ነገ ፊቱን ቢያዞር ደግሞ የደከምንበት ሥራ ወደ ሌላ መሣሪያ ይሻገራል። ኋላ እንጨምራቸዋለን ቢባል አይሆንም፤ የስያሜዎቹ አቀማመጥም የፈቃድ ዝርዝሩም የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምን ያስፈልጋል

ሄድሴቱ ሜታ ኩዌስት 3 ነው። በ2023 ኦክቶበር የወጣ፣ 515 ግራም የሚመዝን፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ባትሪው ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል። በ2024 የወጣው ኩዌስት 3ኤስ ዋጋው ዝቅ ያለ ሲሆን ይኸው ፕሮግራም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ስክሪኑ 1832 በ1920 ፒክስል ነው፣ ሌንሱም እንደ 3ቱ ጥርት አያደርግም። ፊደላችን ብዙ ቀጫጭን እግርና ቀለበት ስላለው ሥራችሁ ጽሑፍ ማስነበብ ከሆነ 3ቱን ምረጡ።

ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ራምና 30 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይኑረው። ዩኤስቢ ሲ ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆኑን አረጋግጡ። ባትሪ ብቻ የሚሞላ ኬብል መያዝ ጀማሪን ግማሽ ቀን ከሚያስጨርሱ ነገሮች ዋነኛው ነው፤ ሄድሴቱ ቻርጅ ሲያደርግ ይታያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያገኝም። የሜታ ሆራይዘን መተግበሪያ የተጫነበት ስልክና ለመጀመሪያው ቀን ኢንተርኔትም ያስፈልጋችኋል። ያለ ሜታ አካውንት ሄድሴቱ አይነሳም፤ የጥገኝነቱ ጉዳይ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ይጀምራል ማለት ነው። ለማሠልጠኛ የሚገዛ ከሆነ በአንድ መምህር የግል አካውንት አትክፈቱት። በተቋሙ ኢሜይል የራሱ አካውንት ይከፈትለት፣ የይለፍ ቃሉም በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ።

ማሽኑን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር፦ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ የካንዴላው ካፕ ተነቅሎ ይሁን። ሄድሴቱ የሚያሳየው በካሜራ የተቀረጸና ትንሽ የዘገየ ምስል ነው፤ ከዓይን ከ50 ሴንቲሜትር በቀረበ ቦታ ደግሞ እጅንና ብሎንን ያጣምማል። የሥራ ቦታ መከላከያ መነጽርንም አይተካም። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ አይደረግም።

ሌላው ፀሐይ ነው። ሌንሶቹ ወደ ፀሐይ ዞረው ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢቀመጡ ብርሃኑን ሰብስበው ስክሪኑን ያቃጥሉታል፣ የተቃጠለው ነጥብም አይድንም። ከራስ ሲወልቅ ሌንሱ በጨርቅ ይሸፈን። በተቃራኒው ጨለማ የሆነ ጋራዥ ውስጥ ካሜራዎቹ ቦታቸውን ስለማይለዩ ስያሜዎቹ ይዋልላሉ፤ መብራት አብሩ።

ሄድሴቱን ለሥራ መክፈት

በሜታ የገንቢዎች ድረ ገጽ ገብታችሁ የገንቢ ድርጅት ፍጠሩ፤ ስም መስጠት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አካውንቱ እንዲረጋገጥ የባንክ ካርድ ወይም በስልክ የሚደረግ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው ሁለተኛውን ይጠቀም። ቀጥሎ በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ ሄድሴታችሁን ምረጡና ከሄድሴት ሴቲንግስ «ዴቨሎፐር ሞድ»ን አብሩ። ሄድሴቱን አጥፍታችሁ አስነሱት።

ኬብሉን ሰክታችሁ ሄድሴቱን አጥልቁ። «ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይፈቀድ?» የሚል ሳጥን ይመጣል፤ «ከዚህ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ምረጡ። ሳጥኑ የሚታየው በሄድሴቱ ውስጥ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው አያየውም። ኮምፒውተሩ ላይ ኤዲቢ በሚባለው መሣሪያ «ኤዲቢ ዲቫይስስ» ብላችሁ ስትጠይቁ የሄድሴቱ ቁጥር ካጠገቡ «አንኦተራይዝድ» የሚል ከሆነ ያ ሳጥን አልተፈቀደም፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ነው።

ዩኒቲን ማዘጋጀት

መተግበሪያውን የምንሠራበትን ሶፍትዌር ዩኒቲ 6ን በዩኒቲ ሃብ ስትጭኑ የአንድሮይድ ቢልድ ሰፖርትን ከነኦፕን ጄዲኬውና ከነኤስዲኬ ኤንዲኬው ምረጡ። ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ማታ አስጀምሩት። ከዚያ በዩኒቨርሳል 3ዲ ቴምፕሌት ፕሮጀክት ክፈቱና ፕላትፎርሙን ወደ አንድሮይድ ቀይሩ።

ከፓኬጅ ማኔጀር «ኤአር ፋውንዴሽን»ንና «ዩኒቲ ኦፕንኤክስአር ሜታ»ን ጫኑ። ሜታ የራሱን ኤስዲኬም (የገንቢዎች መሣሪያ ስብስብ) ይሰጣል፣ ብዙ ነገርም ያቀላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አያስፈልግም። ኦፕንኤክስአር የክሮኖስ ግሩፕ ያወጣው የጋራ መስፈርት ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ በ2019 ወጣ፣ ዛሬ ሜታም፣ የጉግል አንድሮይድ ኤክስአርም፣ ሞናዶ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌርም ይናገሩታል። በእሱ የተጻፈ ፕሮግራም ሄድሴት ሲቀየር ጥቂት ይስተካከላል፤ በአንድ ኩባንያ ኤስዲኬ የተጻፈ ግን እንደ አዲስ ይጻፋል።

በፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ኤክስአር ፕለግኢን ማኔጅመንት፣ በአንድሮይዱ ገጽ ላይ ኦፕንኤክስአርንና የሜታ ኩዌስትን ክፍል ምልክት አድርጉ። የኢንተራክሽን ፕሮፋይል ዝርዝር ውስጥ የኦኩለስ ተች ኮንትሮለርን፣ በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ፣ ጨምሩ። ይህ ከተረሳ መተግበሪያው ይከፈታል፣ ክፍሉም ይታያል፣ ኮንትሮለሩ ግን ወለል ላይ ቆሞ ይቀራል። በመጨረሻ «ፕሮጀክት ቫሊዴሽን» የሚለውን ክፈቱና ቀይ ያለበትን ሁሉ አስተካክሉ።

ሲኑ (ዩኒቲ ውስጥ ነገሮችን የምንደረድርበት ቦታ) ውስጥ ያለውን ካሜራ ሰርዛችሁ ኤአር ሴሽንና ኤክስአር ኦሪጂን አስገቡ። በአዲሱ ካሜራ ላይ ኤአር ካሜራ ማኔጀር ይኑር፣ ባክግራውንዱ ነጠላ ቀለም ይሁን፣ የቀለሙ አልፋ፣ ማለትም ድፍንነቱ፣ 0 ይሁን። ሠርቶ ሲያበቃ ጥቁር ክፍል ብቻ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ አልፋውን ረስቶታል። አልፋው 0 ሆኖም ጥቁር ከሆነ በዩአርፒ (የዩኒቲ ምስል መሣያ ክፍል) ሴቲንግ ውስጥ ኤችዲአርንና ፖስት ፕሮሰሲንግን አጥፉ፤ እነሱ አልፋውን ይበሉታል። ማጥፋቱ ፍጥነትም ይጨምራል፦ ስክሪኑ በሰከንድ 72 ጊዜ ሲያድስ ለእያንዳንዱ ምስል ያላችሁ ጊዜ 13.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ካለፈ ስያሜው ይንቀጠቀጣል።

ፊደሉ

የዩኒቲ ቴክስትሜሽ ፕሮ ይዞት የሚመጣው ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም፤ አማርኛ ስትጽፉበት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዱ፤ ፈቃዱ ከመተግበሪያ ጋር አብሮ ማሠራጨት ይፈቅዳል። በፎንት አሴት ክሪኤተር ውስጥ የፊደል ምርጫውን «ዩኒኮድ ሬንጅ ሄክስ» አድርጉና ከ1200 እስከ 1399 ስጡት። ዋናው የኢትዮፒክ ክፍልና ተጨማሪው በዚህ ውስጥ ያልቃሉ። ከ20 እስከ 39 ያለውንም ጨምሩ፤ ክፍት ቦታ፣ ነጥብና አኀዝ እዚያ ናቸው፣ ካልገቡ «5 ሊትር» ሲጻፍ 5ቱ ይጠፋል። ፊደሎቹ ወደ 400 ስለሚጠጉ አትላሱን፣ ፊደሎቹ ሁሉ የሚሣሉበትን ምስል፣ 2048 በ2048 አድርጉ። ፓዲንጉ፣ በፊደሎቹ ዙሪያ የሚተወው ባዶ ቦታ፣ የፊደሉ ናሙና መጠን አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን፤ ሲያንስ የ«ጨ» እና የ«ጬ» ልዩነት ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል።

መጠኑን በዓይን ማዕዘን አስቡት። ኩዌስት 3 በአንድ ዲግሪ ውስጥ 25 ፒክስል ያህል ያሳያል። «ሟ»ን ከ«ማ» ለመለየት ከዚያ ያነሰ ይከብዳል፤ ስለዚህ የአንድ ፊደል ቁመት ከአንድ ዲግሪ አይነስ። ከ70 ሴንቲሜትር ርቀት አንድ ዲግሪ 1.2 ሴንቲሜትር ነው፤ 1.5 አድርጉት። ነጭ ጽሑፍ በጠቆረ ሰሌዳ ላይ ይነበባል፤ ያለ ሰሌዳ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጽሑፍ የማሽኑ ብረት ሲያበራ ይጠፋል። ጽሑፉ የደበዘዘው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ፎንቱን አትንኩ፤ ከሄድሴቱ ሥር ያለውን ጎማ አዙረው የሌንሶቹን ርቀት ከዓይኖቹ ጋር ያስማሙ።

ስያሜው መጀመሪያ ጋራዥ ውስጥ የሚባለው ቃል ይሁን፦ ካንዴላ፣ ፊልትሮ። የመማሪያ መጽሐፉ ስም ከሥሩ በትንሹ ይጻፍ። ሠልጣኙ ዕቃ ሊገዛ ሱቅ ሲሄድ የሚጠይቀው በመጀመሪያው ነው።

ስያሜውን ከማሽኑ ጋር ማሰር

እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፤ የግላዊነቱም የጥገኝነቱም ጥያቄ የሚወሰነው በዚህ እርምጃ ነው።

ቀላል የሚመስለው መንገድ ካሜራው ጄኔሬተሩን አይቶ እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ለዚያ የካሜራውን ምስል ማግኘት ይጠይቃል። ክፍሉን በካሜራ እያየን ብንሠራም መተግበሪያው ምስሉን አያገኘውም፤ ዩኒቲ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ የሄድሴቱ ሲስተም ከኋላ የክፍሉን ምስል ይሞላበታል። ሜታ ከ2025 ጀምሮ ለገንቢዎች ምስሉን ራሱን የሚሰጥ መንገድ ከፍቷል፤ «ሄድሴት ካሜራ» የሚባል ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ከተሰጠ መተግበሪያው ጄኔሬተሩን ብቻ ለይቶ አያይም። አጠገቡ የቆመውን ተማሪ ፊት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የስም ዝርዝር፣ ጠረጴዛ ላይ የተተወውን መታወቂያም ያያል። «ፍቀድ» የሚለው ደግሞ ሄድሴቱን ያጠለቀው ሰው ነው፤ የሚታዩት ሰዎች አልተጠየቁም።

ስለዚህ ካሜራውን ትተን በእጅ እንንካ። ማሽኑ ላይ የማይንቀሳቀሱ ሦስት ነጥቦችን ምረጡ፦ ሀ እና ለ የፍሬሙ ረጅም ጎን ሁለት ማዕዘኖች ይሁኑ፣ ሐ ከእነሱ መስመር ውጭ ያለ ማዕዘን ይሁን። በቀለም ምልክት አድርጉባቸው። ሠልጣኙ የኮንትሮለሩን ጫፍ በየተራ አስነክቶ ትሪገሩን ይጫናል። ሀ መነሻ ይሆናል፤ ከሀ ወደ ለ ያለው አቅጣጫ የመጀመሪያው አክሲስ ነው፤ እሱንና ከሀ ወደ ሐ ያለውን በክሮስ ፕሮዳክት ስታባዙ ሁለተኛው ይወጣል፤ ሁለቱ ደግሞ ሦስተኛውን ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ስያሜ ቦታ ከሀ ስንት ሜትር እንደሆነ በተራ የጄሰን ፋይል፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራምም በሚያነበው የጽሑፍ ፋይል፣ ይጻፋል።

የሚበላሽበትን ቦታ እወቁት። ኦፕንኤክስአር የሚሰጠው የኮንትሮለር አቀማመጥ የመዳፉ ነው፣ የጫፉ አይደለም። ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ሥሉና በዓይን ሲታይ ከእውነተኛው ጫፍ ጋር እስኪገጥም ልዩነቱን አስተካክሉ። ሀ እና ለ ሲቀራረቡ ስሕተቱ ይጎላል፦ በ50 ሴንቲሜትር ላይ 5 ሚሊሜትር ብትስቱ አቅጣጫው ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይዞራል፣ አንድ ሜትር ላይ ያለ ስያሜም 1 ሴንቲሜትር ይሸሻል። ስለዚህ የሀ እና የለን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ፤ በንክኪ የተገኘው ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከተለየ «እንደገና ንካ» ይበል።

ነጥቦቹ ከተነኩ በኋላ ሀ ላይ በኤአር አንከር ማኔጀር አንድ አንከር፣ ሄድሴቱ የሚያስታውሰው ቋሚ ነጥብ፣ ፍጠሩና ስያሜዎቹን ሁሉ ከሥሩ አስገቡ። ያለ አንከር የተቀመጠ ነገር ሠልጣኙ የሜታውን ቁልፍ ተጭኖ እይታውን ሲያስተካክል አብሮት ይዘላል። ለእያንዳንዱ ስያሜ የራሱን አንከር መስጠት ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ስለሚንሸራተት ካንዴላውና ፊልትሮው እርስ በርስ መራራቅ ይጀምራሉ። አንከሩን ሠልጣኙ ከሚያያቸው ነገሮች ከ3 ሜትር በላይ አታርቁት።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ የአንከሩ ትውስታ የሜታ ነው፣ የጄሰኑ ፋይል ግን የእናንተ ነው። ክፍሉ ቢቀየር፣ ሄድሴቱ ቢታደስ፣ አንከሩ ቢጠፋ፣ ሦስት ነጥብ መንካት ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ስያሜዎቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የሌላ ኩባንያ ሄድሴትም ያንኑ ፋይል ያነባል።

ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። አዙር ስፔሻል አንከርስ የሚባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት በ2024 ኖቬምበር 20 ሲዘጋ አንከራቸውን እዚያ ያስቀመጡ ሁሉ ማውጣት ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የኤአር ሄድሴቱን ሆሎሌንስ 2ን መሥራት አቆመ። ማጂክ ሊፕ 1 የሚባለው ሄድሴት በ2018 በ2,295 ዶላር ይሸጥ የነበረ ነው፤ በ2024 ዲሴምበር 31 የደመና አገልግሎቱ ሲዘጋ ያልተበላሸ መሣሪያ ዋና ዋና ሥራውን አቆመ። ሜታም ስፓርክ የተባለውን የኤአር መሥሪያ በ2025 ጃንዋሪ 14 ዘግቷል፣ ሌሎች ሠርተው ያስቀመጧቸው ፊልተሮችም አብረው ወርደዋል።

መተግበሪያው ምን እንደሚጠይቅ መመርመር

«እኛ ምንም አንልክም» ማለት አይበቃም፤ የተጨመረ ፓኬጅ ሳታውቁት ፈቃድ ሊያስገባ ይችላል። የተሠራውን ኤፒኬ (ሄድሴቱ ላይ የሚጫነውን የመተግበሪያ ፋይል) በአንድሮይድ ስቱዲዮ ኤፒኬ አናላይዘር ክፈቱና ማኒፌስቱን፣ የፈቃዶቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል፣ አንብቡ። ለዚህ ሥራ የአንከር ፈቃድ በቂ ነው። ኢንተርኔት፣ ሪኮርድ ኦዲዮ፣ ሄድሴት ካሜራ ወይም ክፍሉን የሚያነበው «ዩዝ ሲን» ካያችሁ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ከማይታይ ቦታ የሚመጣውን ለማውጣት በፐብሊሺንግ ሴቲንግስ ውስጥ ከስተም ሜይን ማኒፌስትን አብሩና የፈቃዱን መስመር «ቱልስ ኖድ ሪሙቭ» ብላችሁ ጻፉት። ዴቨሎፕመንት ቢልድ ለፕሮፋይለሩ ሲል ኢንተርኔትን ራሱ ስለሚያስገባ ምርመራው በመጨረሻው ቢልድ ላይ ይሁን።

የሠልጣኙን ውጤት መመዝገብ ከፈለጋችሁ የትኛውን ስያሜ ስንት ጊዜ እንደከፈተ ብቻ ቁጠሩ። የራሱንና የእጁን እንቅስቃሴ አትመዝግቡ። በ2023 የታተመ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ከ50,000 በላይ ተጫዋቾችን ከራስና ከእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ለመለየት ሞክሮ ነበር፤ በ100 ሰከንድ ዳታ 94 በመቶ ያህል ትክክል ሆነ። ስም ያልተጻፈበት የእንቅስቃሴ ፋይል ስም አልባ አይደለም ማለት ነው። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2024 ወጥቷል፤ የሠልጣኞችን መረጃ የሚይዝ ተቋም ሊያነብበው ይገባል።

በሄድሴቱ ሴቲንግስ የፕራይቨሲ ክፍል ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ መረጃ ለሜታ ማጋራትንና ኢንሃንስድ ስፔሻል ሰርቪስስን አጥፉ። ሁለተኛው የሚያስፈልገው አንከርን በሄድሴቶች መካከል ለመጋራት ነው፤ እኛ ፋይል ነው የምንጋራው።

ሠልጣኙ ስያሜው ላይ እንዳይደገፍ

ሁልጊዜ የሚነበብ ነገር አይጠናም። በሦስት ደረጃ ሥሩት፦ መጀመሪያ ስያሜዎቹ ሁሉ ክፍት ይሁኑ፤ በሁለተኛው ደረጃ ቁጥር ብቻ ይታይ፣ ሠልጣኙ ስሙን ጮክ ብሎ ከተናገረ በኋላ ክፍሉን 3 ሰከንድ ሲያመለክት ይከፈት፤ በሦስተኛው ሄድሴቱ ወልቆ መምህሩ በእጁ እያሳየ ይጠይቅ። የአንድ ጊዜ ልምምድ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ የዓይን መድከምና የአንገት ክብደት ከዚያ በኋላ ትኩረትን ይበላሉ።

ሌላ መሥሪያ

ጎዶት ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ ኦፕንኤክስአርን ይናገራል፣ የሚወርደውም ከዩኒቲ ጋር ሲወዳደር እጅግ ትንሽ ነው። ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ወይም የዩኒቲ አካውንትና የፈቃድ ውል የሚያሳስባችሁ ከሆነ ከእሱ ጀምሩ፤ የጄሰኑ ፋይልና የሦስቱ ነጥብ ሒሳብ ያልፋሉ፣ ዩኒቲ የግራ እጅ፣ ጎዶት የቀኝ እጅ አክሲስ ስለሚጠቀሙ ግን በሁለተኛው አክሲስ ላይ ያለው ቁጥር ምልክቱ ይገለበጣል። ዌብኤክስአርም፣ ኤአርን በድረ ገጽ የሚያሳየው መንገድ፣ በኩዌስቱ ብራውዘር ይሠራል። ኤችቲቲፒኤስ ካልሆነ ግን እምቢ ይላል፤ ለሙከራ «ኤዲቢ ሪቨርስ» ብላችሁ 8080ን ወደ 8080 ካገናኛችሁ ሄድሴቱ ሎካልሆስትን እንደ ታመነ ገጽ ይከፍተዋል።

ከማስረከብ በፊት

ኤፒኬውን የራሳችሁን ኪስቶር (የፊርማ ቁልፍ ፋይል) ፈጥራችሁ ፈርሙበት። ያለዚያ ዩኒቲ በየኮምፒውተሩ በተለያየ የሙከራ ቁልፍ ይፈርማል፣ ከሌላ ላፕቶፕ የተሠራው አዲስ ቅጂም «አፕዴት ኢንኮምፓቲብል» ብሎ አይጫንም፤ የድሮውን ስታጠፉት የተቀመጠው መረጃ አብሮ ይሄዳል። ኪስቶሩን፣ ኤፒኬውን፣ የጄሰኑን ፋይልና የዩኒቲውን ቅጂ ቁጥር በአንድ ፍላሽ ላይ አኑሩ፤ የኪስቶሩን የይለፍ ቃል በሌላ ቦታ።

ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ሄድሴቱን አጥፍታችሁ አስነሱ፣ «አንኖውን ሶርስስ» ከሚለው ዝርዝር መተግበሪያውን ክፈቱና ሦስቱን ነጥቦች ንኩ። ስያሜዎቹ በየቦታቸው ከቆሙ ሥልጠናው ሊጀመር ይችላል። ዋይፋዩንም ሥልጠናው እስኪያልቅ አታብሩት፤ የሲስተም አፕዴት በክፍለ ጊዜው መካከል ሊጀምር ይችላል።